ስም ሰጥቶ ካርታ መንሳት

የካናዳን የስደት ቅጽ ሞልቶ የሚያውቅ፣ ወይም ሌላው ሲሞላ በአጠገቡ የተቀመጠ አንባቢ «ኖቫ ስኮሺያ» የሚለውን ስም ያውቀዋል። በካናዳ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኝ፣ 55,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ከ970,000 ጥቂት ያነሰ ነዋሪ የተመዘገበባት ክፍለ ግዛት ናት። አንድ ዘመዳችን «ወደ ሃሊፋክስ ልሄድ ነው» ሲለን የምንጠይቀው ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራውና ስለ ቤት ኪራዩ ነው። ስለ ስሟ የሚጠይቅ የለም። ስሙ የተለጠፈበት መሬት የማን እንደሆነማ ጭራሽ አይነሣም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በተማሩ ወገኖቼ ዘንድ ደጋግሜ የምሰማው አስተሳሰብ ነው። አስተሳሰቡ ሦስት መልክ አለው። አንደኛው፣ የቦታ ስም ተራ መለያ ስለሆነ በስም መጨቃጨቅ የሥራ ፈት ነገር ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ማን የት እንደሚሰፍር የሚወስነው ተፈጥሮ ነው፤ ባሕሩ፣ አፈሩና የአየሩ ጠባይ ነው ይላል። ሦስተኛው የሁለቱ ተቃራኒ መስሎ ይመጣል፤ የጥንቱ ስም ከተመለሰና ሐውልቱ ከወረደ ዕዳው ተከፍሏል ይላል። እኔ ሦስቱንም አልቀበልም። የማልቀበልበትን ምክንያት በዚህችው በኖቫ ስኮሺያ ታሪክ ላስረዳ። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል ልናገር። በአማርኛችን «ካርታ» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው ተራራውን፣ ወንዙንና የባሕሩን ዳርቻ የሚያሳየው ሥዕል ነው። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤት ማኅተም አድርጎ የሚሰጠው፣ ባለይዞታነትን የሚያረጋግጠው ወረቀት ነው። «ቤቱ ካርታ አለው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ስለ ጂኦግራፊ እየጠየቀ አይደለም። የኖቫ ስኮሺያን ነገር ለመረዳት ከዚህ ቃል የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ባለፉት 400 ዓመታት በዚያች ምድር በፊተኛው ካርታ ላይ ስማቸው የተጻፈላቸው ብዙዎች፣ ሁለተኛውን ካርታ ተነፍገው ኖረዋልና።

ሰው ያልነበረው ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። የዚህችን ምድር ስም ያወጣው ግን ቤተ መንግሥት ነው። በ1621፣ በስኮትላንድ ስድስተኛው፣ በእንግሊዝ ደግሞ ቀዳማዊው ጄምስ ተብሎ የሚጠራው ንጉሥ ለባለሟሉ ለባለቅኔው ሰር ዊልያም አሌክሳንደር በላቲን የተጻፈ የስጦታ ደብዳቤ ሰጠ። ደብዳቤው የዛሬዎቹን ኖቫ ስኮሺያንና ኒው ብራንዝዊክን የሚያጠቃልለውን ሰፊ ምድር «ኖቫ ስኮሺያ»፣ ማለትም «አዲሲቱ ስኮትላንድ» ብሎ ሰየመ። አሌክሳንደር ያቺን ምድር በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

ምድሪቱ ግን ባለቤት አልባ አልነበረችም። የሚክማክ ሕዝብ ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ የኖረባት ናት፤ በራሱ ቋንቋ «ሚክማኪ» ይላታል። ሚክማኪ በሰባት አውራጃዎች የተከፈለች ነበረች። ዛሬ ኬፕ ብሬተን የሚባለውን ደሴት «ኡናማኪክ» ይሉታል፤ የጉም ምድር እንደማለት ነው። የመካከሉን አገር «ሲፐክኔካቲክ» ይሉታል፤ የዱር ድንች የሚበቅልበት ቦታ ማለት ነው። ትልቁን ወደብ ደግሞ «ክጂፑክቱክ»፣ ታላቁ ወደብ፣ ይሉታል። እነዚህ ስሞች ለመንገደኛ ይጠቅማሉ። ጉም የት እንደሚያገኘው፣ የሚበላ ነገር የት ቆፍሮ እንደሚያወጣ፣ ታንኳውን የት እንደሚያስጠጋ ይነግሩታል። «ኖቫ ስኮሺያ» የሚለው ስም ግን ስለ ምድሪቱ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። የሚነግረን የሰያሚውን ንጉሥ ትውልድ አገር ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ተረት ይመስላል፤ ነገር ግን በሕግ መዝገብ የሰፈረ ነው። ለሰፈራው የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ «የኖቫ ስኮሺያ ባሮኔት» የሚባል የማዕረግ ስም ተፈጠረ። ገንዘብ የከፈለ የስኮትላንድ ባላባት ማዕረጉን ከባሕር ማዶው መሬት ጋር ያገኝ ነበር። ይሁን እንጂ በስኮትላንድ ሕግ መሬት የተሰጠው ሰው በቦታው ተገኝቶ አፈርና ድንጋይ በእጁ መቀበል ነበረበት። ለዚህ ሲባል አትላንቲክን ማቋረጥ እንዴት ይሆናል? መላው ተገኘ። በቀዳማዊ ቻርልስ ዘመን የኤዲንብራ ግንብ ግቢ በሕግ ፊት እንደ ኖቫ ስኮሺያ መሬት እንዲቆጠር ተደረገ። ባሮኔቶቹም እዚያው በአገራቸው ዋና ከተማ አፈር ጨብጠው፣ አይተውት የማያውቁት ምድር ባለርስት ሆነው ወደ ቤታቸው ገቡ።

«የቦታ ስም ተራ መለያ ነው» የሚሉ ወዳጆቼ እስቲ ይህን ያስረዱኝ። ተራ መለያ ቢሆን ኖሮ የአንድ ግንብ ግቢ በሌላ አህጉር ስም እንዲጠራ ማድረግ ለምን አስፈለገ? ያለ ስሙ ስጦታው ስላልተቻለ ነው። ስሙ የርስቱ ውል የመጀመሪያ መስመር ነበር።

የአሌክሳንደር ልጅ በ1629 ጥቂት ሰፋሪዎችን ይዞ በፖር ሯያል ሠፈረ፤ በ1632 ግን ቦታው በውል ለፈረንሳይ ተመለሰና ሰፈራው ፈረሰ። ሰፋሪዎቹ ሲሄዱ ስሙ በወረቀት ላይ ቀረ። እንግሊዞች ፖር ሯያልን በ1710 ሲይዙ በንግሥታቸው በአን ስም «አናፖሊስ ሮያል» አሏት፤ በ1713 የዩትሬክት ውል ፈረንሳይ ልሳነ ምድሩን ስትለቅም የ1621 ስም ተመልሶ ሕያው ሆነ። ስኮትላንዳውያን በብዛት መምጣት የጀመሩት ግን «ሄክተር» የምትባለው መርከብ በ1773 ፒክቱ ወደብ ከደረሰች ወዲህ ነው። ስሙ ሰዎቹን 152 ዓመት ቀድሟቸዋል ማለት ነው። የደረሱባት ፒክቱም ስሟን ያገኘችው ከሚክማክ ቋንቋ ነው።

«ተፈጥሮ ወሰነ» ለሚሉ

ሁለተኛው አስተሳሰብ በእኔው የሙያ ዘርፍ የሚኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ የሚወድቁበት ነው። ኖቫ ስኮሺያን በሥዕሉ ካርታ ላይ ያየ ሰው በእርግጥም ተፈጥሮ የበላይ ሆና ትታየዋለች። ልሳነ ምድሯን ከዋናው የብስ ጋር የሚያገናኛት ቺግኔክቶ የሚባል ጠባብ አንገት ብቻ ነው። ከባሕር 70 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቦታ የላትም። በአትላንቲክ በኩል ያለው ዳርቻዋ ድንጋያማና አፈሩ ስስ ነው። በሌላው ወገን የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ አለ፤ የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ልዩነት በሚናስ ሰርጥ 16 ሜትር ድረስ ይደርሳል። ባሕሩ ሲሞላ የሹበናካዲ ወንዝ ወደ ኋላው፣ ወደ መጣበት አቅጣጫ ይፈስሳል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው «በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ሰው ምን ሥልጣን አለው?» ቢል አይፈረድበትም።

መልሱ የአካዲያውያን ታሪክ ነው። እነዚህ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በፈንዲ ዙሪያ ሲሰፍሩ ደኑን አልመነጠሩም፤ ከባሕሩ መሬት ወሰዱ። በጨዋማው ረግረግ ዙሪያ የአፈር ግድብ ሠሩ። በግድቡ ሥር «አቧቶ» የሚሉትን የእንጨት ቦይ ቀበሩ። ቦዩ ተንጠልጣይ መዝጊያ አለው፤ ባሕሩ ሲሸሽ መዝጊያው ተከፍቶ የዝናቡን ውኃ ያስወጣል፤ ባሕሩ ሲመለስ የራሱ የባሕሩ ግፊት መዝጊያውን ይዘጋዋል። ዝናቡ ጨዉን አጥቦ እስኪጨርስ ጥቂት ዓመታት መታገሥ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ የማይሻ ለም እርሻ ይገኛል። ትልቁን ሜዳቸውን «ግራን ፕሬ» አሉት፤ ትልቁ መስክ ማለት ነው። ቦታው በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሐምሌ 28 ቀን 1755 ሃሊፋክስ ውስጥ የተሰበሰበው የእንግሊዝ አስተዳደር ምክር ቤት፣ በምክትል ገዢው በቻርልስ ሎረንስ ሰብሳቢነት፣ አካዲያውያን እንዲባረሩ ወሰነ። ምክንያቱ ለእንግሊዝ ንጉሥ ያለ ገደብ አንማልም ማለታቸው ነበር። መስከረም 5 ቀን የግራን ፕሬ ወንዶች ትእዛዝ እንዲሰሙ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ተጠሩና እዚያው እስረኞች መሆናቸው ተነገራቸው። ከዚያ ቦታ ብቻ ከ2,000 በላይ ሰዎች በመርከብ ተጫኑ። በሚቀጥሉት ስምንት ዓመታት ከ10,000 በላይ አካዲያውያን ከምድራቸው ተነቅለዋል፤ ብዙዎች በባሕር፣ በበሽታና በረሃብ አልቀዋል።

ሎረንስ በ1758 ለኒው ኢንግላንድ ሰዎች ባዶ የሆነውን መሬት እንዲወስዱ ጥሪ አወጣ፤ ከ1759 ጀምሮም 8,000 ገደማ ሰፋሪዎች መጡ። መሬቱን አገኙ፤ ግድቡን ግን አያውቁትም። በኅዳር 1759 ማዕበል ግድቦቹን ሰበረ፤ ባሕሩም በእርሻው ላይ ተመለሰ። ታዲያ ማን ጠገነው? ያልተጫኑት፣ እስረኛ ሆነው የቀሩት አካዲያውያን ናቸው። አባቶቻቸው የሠሩትን ግድብ ለአዲሶቹ ባለቤቶች በጉልበት ሠራተኛነት ጠገኑ።

እንግዲህ የተፈጥሮ ወሳኝነት አማኝ ይመልስልኝ። በ1754 እና በ1760 መካከል አፈሩ አልተለወጠም። የባሕሩ ሙላትም ያው ነው፤ ባሕሩን የምትስበው ጨረቃም ያችው ናት። የግድቡ ጥበብ እንኳ የእነዚያው ሰዎች ነው። የተለወጠው የባለቤቱ ስም ብቻ ነው፤ እሱም የተለወጠው በምክር ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከ1764 ጀምሮ አካዲያውያን እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው፤ ግን በትናንሽ ቡድን ተበትነው ነው። ግራን ፕሬ ተይዟል። ስለዚህ በደቡብ ምዕራብ በሴንት ሜሪስ ሰርጥ ዳርቻና በኬፕ ብሬተን ድንጋያማ ጠረፍ ሰፈሩ፤ ከገበሬነት ወደ ዓሣ አስጋሪነት ተለወጡ። ዛሬ «አካዲያውያን የባሕር ሰዎች ናቸው» የሚል ጎብኚ የተፈጥሮ ፀባያቸውን የገለጸ ይመስለዋል። የሚገልጸው ግን የአንድ ውሳኔ ውጤት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እሻለሁ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁና።

ላም አለኝ በሰማይ

በ1783 የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ሲያበቃ ከእንግሊዝ ጎን የተሰለፉ ስደተኞች ወደ ኖቫ ስኮሺያ ጎረፉ። ከእነርሱ ውስጥ 3,000 ገደማ የሚሆኑት ከባርነት አምልጠው፣ ነጻነትና መሬት ተስፋ ተሰጥቷቸው የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። ነጻነታቸውን የሚመሰክረው ወረቀት የተፈረመው በጄኔራል ሳሙኤል በርች ነበር። ሰፈራቸውንም በእርሱ ስም «በርችታውን» አሉት፤ በዘመኑ በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የነጻ ጥቁሮች መንደር ሆነ። የነጻነት ወረቀት ፈራሚው ስም መንደር ወጣለት። የመሬቱ ወረቀት ግን አልመጣም። ብዙዎች ዓመታት ጠብቀው ምንም አላገኙም፤ ያገኙትም በዚያ በአትላንቲኩ ወገን ባለው ድንጋይ ላይ ትንሽ ቁራሽ ነው። በሐምሌ 1784 በጎረቤቷ በሼልበርን ከጦር የተሰናበቱ ነጭ ወታደሮች «ጥቁሮች በርካሽ እየሠሩ ሥራችንን ወሰዱብን» ብለው ተነሥተው ቤቶቻቸውን አፈረሱ።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ ተስፋው ሰማይ ላይ ቀረ። ቶማስ ፒተርስ የተባለ ከእነርሱ አንዱ አቤቱታቸውን ይዞ ለንደን ድረስ ሄደ። በጥር 1792 ወደ 1,200 የሚጠጉ ሰዎች በ15 መርከቦች ተሳፍረው ወደ አፍሪካ፣ ወደ ሴራሊዮን ተሻገሩና ፍሪታውንን መሠረቱ። እዚያም «ኖቫ ስኮሺያውያን» ተብለው ተጠሩ። ኖቫ ስኮሺያ ስሟን ሰጥታ ሸኘቻቸው፤ መሬት ግን አልሰጠቻቸውም።

ከ1812ቱ ጦርነት በኋላ ደግሞ 2,000 ገደማ ሌሎች ጥቁር ስደተኞች መጡ። በፕሬስተንና በሃመንድስ ፕሌንስ ለየቤተሰቡ 4 ሄክታር ገደማ ድንጋያማ መሬት ተመተረላቸው። የተሰጣቸው ወረቀት የባለቤትነት አልነበረም፤ የመቀመጥ ፈቃድ ነበር። ያለ ባለቤትነት ወረቀት መሸጥ፣ አስይዞ መበደር ወይም በሕግ ማውረስ አይቻልም። ክፍለ ግዛቱ ይህን ለማስተካከል ሕግ ያወጣው በ1963 ነው፤ የሕጉ አሠራር ራሱ እንቅፋት ሆኖ ቆይቶ በ2017 መንግሥት ገንዘብ መድቦ ጉዳዩን እንደገና ጀመረ፤ በ2020 ደግሞ ፍርድ ቤት ባለሥልጣናት በአመልካቾች ላይ የጫኑትን አንድ ከባድ መሥፈርት ውድቅ አደረገ። ከሁለት ምዕተ ዓመት በኋላ ማለት ነው። የቤት ካርታ ለማውጣት ደጅ የጠና የከተማችን ነዋሪ የዚህን ትርጉም ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል።

በሃሊፋክስ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ የነበረችው አፍሪክቪልም የዚሁ ታሪክ ምዕራፍ ናት። በ1848 ሁለት ጥቁሮች በገንዘባቸው መሬት ገዝተው የቆረቆሯት መንደር ነበረች። ከተማይቱ ከነዋሪዎቿ ግብር ትሰበስብ ነበር፤ የቧንቧ ውኃና የፍሳሽ መስመር ግን አልዘረጋችላቸውም። በምትኩ የባቡር ሐዲድ፣ እስር ቤት፣ የተላላፊ በሽታ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም የከተማውን ቆሻሻ መጣያ አጠገባቸው አመጣች። ከ1964 እስከ 1970 ባለው ጊዜ «ሰፈሩ ለኑሮ አይመችም» ተብሎ ወደ 400 የሚጠጉ ነዋሪዎች ተነሡ። አንዳንዶቹ ዕቃቸው የተጫነው በከተማው የቆሻሻ መኪና ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1967 በሌሊት ፈረሰ። ካርታ ማሳየት ያልቻሉት 500 ዶላር ተሰጣቸው። እኛ «የጨረቃ ቤት» የምንለውን ዓይነት ቤት ሠርተው የተገኙ ይመስል፣ ከመቶ ዓመት በላይ በትውልድ የተወረሰ ቤት በዚያ ዋጋ ተገመተ።

ከተማይቱ በ2010 ይፋ ይቅርታ ጠየቀች፤ በቦታው የተሠራው መናፈሻም በ2011 «አፍሪክቪል» ተብሎ ተሰየመ። ስሙ ተመለሰ ማለት ነው። ነዋሪዎቹ ግን አልተመለሱም።

ሐውልት ወርዶ

አሁን በጣም ወደሚያጨቃጭቀው ነገር ልምጣ። ሃሊፋክስን በ1749 የቆረቆራት ኤድዋርድ ኮርንዋሊስ ነው። 2,500 ገደማ ሰፋሪዎችን ይዞ ክጂፑክቱክ ገባ፤ ከተማይቱንም ለንደን ተቀምጦ የንግድ ቦርዱን ይመራ በነበረው በሃሊፋክስ መስፍን ስም ሰየማት። ሚክማኮች ያለ ፈቃዳቸው የተተከለችውን ከተማ በመቃወም ጥቃት ሲያደርሱ፣ ኮርንዋሊስ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ተይዞ ለመጣ ወይም ለተገደለ ለእያንዳንዱ ሚክማክ 10 ጊኒ ሽልማት የሚሰጥ አዋጅ አወጣ። ማስረጃው የራስ ቆዳ ነበር። በ1752 ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሐውልቱ የቆመለት በ1931 ነው፤ ከተማይቱ ከተቆረቆረች ከ182 ዓመት በኋላ። ጥር 31 ቀን 2018 ወረደ። ያን ጊዜ «ታሪክ ተሰረዘ» የሚል ጩኸት ተሰማ። የእኛም ሰዎች ይህን ጩኸት ሲያስተጋቡ ሰምቻለሁ። የምመልሰው አንድ ነገር ነው። ስምን ማንሣት ታሪክን መሰረዝ ከሆነ፣ ስረዛው የተጀመረው በ2018 ሳይሆን በ1749 ነው፤ ክጂፑክቱክ «ሃሊፋክስ» በተባለች ቀን። ለመጀመሪያው ስረዛ ያልጮኸ አንደበት ለሁለተኛው ሲጮኽ የሚቆረቆረው ለታሪክ አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሆኖም ሐውልቱ ወረደ ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ከሚቀመጡትም ጋር አልተባበርም። ሦስተኛው አስተሳሰብ ከሁለቱ የበለጠ የሚያዘናጋ ነውና። ስም መመለስ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያታልል ለማየት «ሹበናካዲ» የሚለውን ስም መመርመር ይበቃል። ስሙ ሲፐክኔካቲክ ከሚለው የሚክማክ ቃል የመጣ ነው። ከ1930 እስከ 1967 በዚህ ስም የሚጠራ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። የሚክማክ ልጆች ከወላጆቻቸው እየተነጠሉ ይገቡበት ነበር፤ በቋንቋቸው ሲናገሩም ይቀጡ ነበር። በበሩ ላይ የእነርሱ ቃል ተጽፏል፤ ከበሩ ወዲያ ቃሉን መናገር ያስገርፋል። ስም ባለቤቱን የማስከበር ኃይል በራሱ ቢኖረው ኖሮ እነዚያን ልጆች ባስከበረ ነበር።

በእርግጥ ብዙ ተሻሽሏል። በ2022 ክፍለ ግዛቱ የሚክማክን ቋንቋ የምድሪቱ የመጀመሪያ ቋንቋ ብሎ በሕግ አውቆታል። በ2023 የሃሊፋክሱ የኮርንዋሊስ ጎዳና በኖራ በርናርድ ስም ተሰይሟል፤ እርሷ በዚያው ትምህርት ቤት ያለፈች፣ የካናዳ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተጎጂዎች ካሣ እንዲያገኙ የታገለች የሚክማክ ሴት ናት። እነዚህን ሁሉ እደግፋለሁ። የምቃወመው በዚህ ይበቃል መባሉን ነው።

ምልክቱ ሎብስተሩ ነው

ሚክማኮች ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር በ18ኛው ምዕተ ዓመት የሰላምና የወዳጅነት ውሎችን ተፈራርመዋል፤ የ1752ቱና የ1760–61ዱ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በእነዚህ ውሎች መሬታቸውን አልሸጡም፤ አሳልፈውም አልሰጡም። ሁለተኛው ካርታ ከእጃቸው በሕግ የወጣበት ቀን የለም ማለት ነው። በ1999 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዶናልድ ማርሻል ጉዳይ፣ የ1760–61ዱ ውሎች እንደጸኑ መሆናቸውንና ሚክማኮች ዓሣ አስግረው መጠነኛ መተዳደሪያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ፈረደ። «መጠነኛ» ማለት ምን ያህል ነው ለሚለው ጥያቄ መንግሥት መልስ ሳይሰጥ ዓመታት አለፉ።

ከፍርዱ 21 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 17 ቀን 2020፣ የሲፐክኔካቲክ ማኅበረሰብ በራሱ ፈቃድ ሰጪነት በሴንት ሜሪስ ሰርጥ ሎብስተር ማጥመድ ጀመረ። ሎብስተር የኖቫ ስኮሺያ ዓሣ አስጋሪ ዋና ገቢ የሆነ፣ ክንደ ጉጠታም የባሕር እንስሳ ነው። በዚያው ቀጣና ከ900 በላይ የንግድ ፈቃዶች ነበሩ፤ የማኅበረሰቡ ፈቃዶች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ለእያንዳንዱ የተፈቀደው 50 ወጥመድ ብቻ ነበር። የንግድ አስጋሪዎቹ «ያለ ወቅቱ ሲጠመድ ዘሩ ይመናመናል» አሉ። ስጋቱን አላጣጥለውም፤ የባሕር ሀብት እንደሚያልቅ የምሥራቅ ካናዳ ሰው ከኮድ ዓሣ መጥፋት ተምሯል። ነገር ግን ስጋት ወጥመድ መቁረጥን፣ መኪና ማቃጠልን አይፈቅድም። በጥቅምት 17 የሚክማኮች ምርት ይቀመጥበት የነበረ መጋዘን በእሳት ወደመ።

አሁን አንባቢ እንዲይዝልኝ ወዳልሁት ነጥብ ልመለስ። ሴንት ሜሪስ ሰርጥ የማን መኖሪያ ነው? ከግራን ፕሬ የተነቀሉት አካዲያውያን ተመልሰው እንዲሰፍሩ የተደረገበት ዳርቻ ነው። በ2020 በወደቡ ላይ ፊት ለፊት ከቆሙት አስጋሪዎች ብዙዎቹ የእነዚያ ልጆች ናቸው። እርሻቸውን የተቀማ ሕዝብ ውኃውን ከተቀማ ሕዝብ ጋር ተፋጠጠ። ሁለቱን እዚያ ቦታ ላይ ያገናኛቸው በ1755 የተሰበሰበው ምክር ቤት ነው፤ የዚያ ምክር ቤት ወራሽ የሆነው መንግሥት ግን ከሁለቱ ራቅ ብሎ ቆሞ «ተረጋጉ» ይል ነበር። ይህንን የጎሳ ጠብ ብሎ የጻፈ ጋዜጠኛ ነገሩን አልገባውም። ጠቡ የካርታ ጠብ ነው።

ምን እንጠይቅ?

ያልኩትን ላጠቃልል። የቦታ ስም ተራ መለያ አይደለም፤ ይህማ ቢሆን ነገሥታት ባልደከሙበት። ተፈጥሮም አከፋፋይ አይደለችም፤ አፈሩን ሠርታ ትታዋለች፤ ያከፋፈለው ሰው ነው። ስምን መመለስም ክፍያ አይደለም፤ ዕዳው መኖሩን ማመን ብቻ ነው። ዕዳውን ያመነ ባለዕዳ ደግሞ ማመኑን እንደ መክፈል ሊቆጥርልን አይገባም።

ስለዚህ አንድ ጎዳና፣ መናፈሻ ወይም ወንዝ ወደ ጥንቱ ስሙ ተመለሰ ሲባል ማጨብጨብ ተገቢ ነው፤ ካጨበጨብን በኋላ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ እንጠይቅ። የመሬቱ ወረቀት በማን ስም ነው? ከውኃው ማን ያጠምዳል? ከመሬቱ የሚገኘው ገቢ ለማን ይገባል? የፕሬስተን ሽማግሌ ልጁን የሚያወርስበት ካርታ ይዟል ወይ? የእነዚህ መልስ ያልተለወጠበት ስያሜ፣ ከኤዲንብራ ግንብ ግቢ የተዘገነውን አፈር ይመስለኛል፤ ሥነ ሥርዓቱ በሙሉ ተፈጽሟል፤ ምድሪቱ ግን እዚያ የለችም።

ወደ ሃሊፋክስ የሚሄዱ ወገኖቻችንም ይህን አውቀው ቢሄዱ መልካም ነው። በስብሰባ መክፈቻ ላይ «ይህ ቦታ የሚክማክ ሕዝብ አሳልፎ ያልሰጠው ምድር ነው» የሚል ንባብ ይሰማሉ። እንደ ጸሎት አሜን ብለው አይለፉት፤ የሕግ ቃል ነው። እዚያ ሠርተው ቤት ሲገዙ ካርታ በእጃቸው ይገባል፤ ይህ መብታቸው ነው፤ ይመርቅላቸውም። በበርችታውን ድንጋይ ላይ ወረቀቱን ሲጠብቁ ያረጁት ጥቁሮች ግን በዚያች ምድር ቀዳሚዎቻቸው መሆናቸውን አይዘንጉ። በሚቀጥለው ጊዜ በወደብ ላይ ክርክር ሲነሣም፣ ገና ትናንት የደረሱ እንግዶች ነን ብለው ዝም እንዳይሉ እመክራለሁ።

ተቃራኒ ሐሳብ ያላችሁ አንባቢያን ሙግታችሁን በማስረጃ እንድታቀርቡ እጋብዛለሁ። ቸር ይግጠመን።